ሁለተኛው በር

ዙሪክ ውስጥ በሠራሁበት የአርክቴክት ቢሮ «አፍሪካን ታውቃለች» የምባለው እኔ ብቻ ነበርኩ። የማውቀው ግን የተወለድኩበትን የአዲስ አበባ ሰፈርና አንድ ጊዜ ለዘመድ ሠርግ የሄድኩበትን አዋሳን ነው። ይህን ለአለቃዬ ነግሬው አላውቅም። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በአንድ ታውንሺፕ የእግር ኳስ ማዕከል ሊሠራ ነው፣ ዲዛይኑንም እኛ እንድንሠራው ተመርጠናል በተባለ ቀን፣ አለቃዬ ከወንበሩ ተነስቶ ወደ እኔ ጠረጴዛ መጣና «ይኼ ያንቺ ሥራ ነው!» አለኝ፣ ፊቱ በርቶ። ከአዲስ አበባ ጆሃንስበርግ መሄድ ዙሪክ ከመምጣት ብዙም እንደማይቀርብ ልነግረው አፌን ከፈትኩና «አመሰግናለሁ» ብዬ ዘጋሁት።

አመሰግናለሁ ያልኩት ፈርቼ ነው። ያን ጊዜ የማልፈራው ነገር አልነበረም። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ከአገር የወጣሁ፣ ጥገኝነት ጠይቄ «ለጊዜው ቆዪ» የተባልኩ ሰው ነበርኩ። መታወቂያዬ ላይ «ኤፍ» የምትል ፊደል አለች፤ ሐበሻው ኤፍ አውስቫይስ ይላታል። በየዓመቱ ትታደሳለች። ወደ «ቤ» ለመለወጥ፣ ማለትም ተደላድሎ ለመኖር፣ ዓመታት መቆጠር አለባቸው፤ ቋሚ ሥራም ማሳየት ያስፈልጋል። አሠሪ ጥሩ ደብዳቤ ከጻፈ ደግሞ እሰየው ነው። አዲስ አበባ ድራፍቲንግ፣ ማለትም የሕንፃ ፕላን መሣል፣ ተምሬ ስለነበር ቢሮው በልምምድ ስም ተቀበለኝና ኋላ በዓመት የሚታደስ ውል ሰጠኝ። ስለዚህ በየዓመቱ የሚታደሱልኝ ሁለት ነገሮች ነበሩ፤ ባይታደሱስ እያልኩ በየዓመቱ ሁለት ጊዜ እታመም ነበር። ዙሪክ ዳር ሽሊረን ከምኖርበት ፎቅ ሥር የፖስታ ሳጥኔን ስከፍት እንኳ ሳላይ በጣቴ ነበር የምዳስሰው። ወፍራም ፖስታ ከሆነ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ነው የምከፍተው። ብዙውን ጊዜ የሱፐርማርኬት ማስታወቂያ ነው።

ታውንሺፕ ማለት በአፓርታይድ ዘመን ጥቁሮች ከከተማ ወጥተው እንዲሰፍሩ የተደረጉበት ሰፈር ነው። የቦታው ፎቶግራፎች ሲመጡ መጀመሪያ ዓይኔ የገባው ቆርቆሮው ነው። የቆርቆሮ ቤት፣ የቆርቆሮ አጥር፣ በቆርቆሮ መሃል የምታልፍ ቀጭን መንገድ። «እንዴ! ይኼማ እኛ ሰፈር ነው» አልኩ በሆዴ። ሜዳው ሣር የሌለው ቀይ አፈር ነው፤ ጎሉ በድንጋይ ምልክት ተደርጎበታል። በአንደኛው ፎቶ ላይ ሴቶች ልጆች ረዥም ካልሲ አድርገው ተሰልፈዋል፣ ካልሲው ግን የአንዷ ከአንዷ አይመሳሰልም። ያንን ፎቶ ከኮምፒውተሬ ጎን ለጠፍኩት።

ዲዛይኑ ቆንጆ ነበር፤ አለቃዬን ሥራ ላይ ማማት አይቻልም። አንድ አነስተኛ ሰው ሠራሽ ሣር የለበሰ ሜዳ፣ ከጎኑ ረዥም ቀጭን ቤት። በቤቱ ውስጥ ልብስ መቀየሪያ፣ ልጆች የሚያጠኑበት ክፍልና ስለ ጤና ምክር የሚሰጥበት ክፍል፤ ከፊት ለፊት ወላጆች ተቀምጠው ጨዋታ የሚያዩበት ጥላ ያለው በረንዳ። አጥር ግን አልነበረውም። «የሰፈሩ ነው፤ ሰው ከየትም ይምጣ፣ በየትም ይሂድ» ይል ነበር አለቃዬ፣ እጆቹን እየዘረጋ። እኛ አገር ቤት ሳይሠራ አጥር ይታጠራል፤ አጥር የሌለው ግቢ ስስል የመጀመሪያዬ ነው። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ወራት ሙሉ ያለ ፍርሃት የሠራሁት ያንን ፕላን ብቻ ነው።

ከዚያ ከጄኔቭ ደብዳቤ መጣ። ማዕከሉን የሚያሠራው ድርጅት ጄኔቭ ነው ያለው። ሌላ ቦታ ባሠራቸው ማዕከሎች ኳሱም፣ መረቡም፣ የውሃ ቧንቧው ሳይቀር ተሰርቋል። ስለዚህ ይህኛው በሁለት ሜትር ተኩል አጥር ይከበብ፤ መግቢያው አንድ ብቻ ይሁን፤ መግቢያው ላይ ጥበቃ ይኑር ይላል። አለቃዬ ሁለት ቀን ተበሳጨ። በሦስተኛው ቀን «እሺ፣ እጠሪው» አለኝ።

አጠርኩት። በኮምፒውተር አጥር ማጠር አራት ጊዜ መጫን ነው፤ ቁና ቁና የሚያስተነፍስ ነገር የለውም። በምዕራብ በኩል፣ ወደ አስፋልቱ፣ አንድ በር አደረግሁ። ከዚያ ወንበሬን ወደ ኋላ ገፍቼ ፕላኑን በሙሉ አየሁት። ይህን ግቢ አውቀዋለሁ።

ታናሽ ወንድሜ የተያዘው ኳስ ሜዳ ላይ ነው። ጥቅምት ዘጠና ስምንት፣ ከተማው በተረበሸበት ሰሞን፣ ትምህርት ተዘግቶ ቤት መዋል የሰለቻቸው የሰፈር ልጆች ከቤታችን ጀርባ ባለው የትምህርት ቤት ሜዳ ይጫወቱ ነበር። ግቢው በቆርቆሮ የታጠረ ነው፣ በሩ አንድ ነው። ፖሊሶችን የያዘ የጭነት መኪና መጣና በሩ ላይ ቆመ። በቃ፣ ሌላ ምንም ማድረግ አላስፈለጋቸውም። እዚያ የነበረ ልጅ ሁሉ አንድ በአንድ በዚያው በር እየወጣ መኪናው ላይ ተጫነ። ቆርቆሮውን ሊዘል የሞከረ አንድ ልጅ ነበር፤ ስለ እሱ ወንድሜ እስከ ዛሬ አያወራም።

ወንድሜ ከሁለት ወር በኋላ ጸጉሩን ተላጭቶ ተመለሰ። ደህና ነኝ ይላል። ኳስ ግን ዳግመኛ አልነካም። የትም ቢገባ በር አጠገብ ነው የሚቀመጠው፤ ለቅሶ ቤት እንኳ ሽማግሌ አስነስቶ። እኔ ደግሞ በምርጫው ጊዜ ለተቃዋሚዎች ባነር እጽፍ ነበር፤ የድራፍቲንግ ተማሪ እጅ ጽሑፉ ያምራል። «ቀጥሎ ያንቺ ተራ ነው» ብለው ቤተሰቦቼ ያላቸውን ሁሉ አሟጠው አስወጡኝ። እንግዲህ ያቺ በር እሱን በመኪና፣ እኔን በአውሮፕላን አሳፈረችን።

ለአለቃዬ መንገር እችል ነበር። «እንዲህ ያለ ግቢ አንድ በር አይበቃውም፤ አንድ ቀን ልጆቹ መውጫ ያጣሉ» ማለት ነው፤ በጀርመንኛም ቢሆን ከባድ ዓረፍተ ነገር አይደለም። ግን እኔ ባደግሁበት ቤት ትልቅ ሰው ላዘዘው ነገር «አይሆንም» አይባልም። እሺ ይበልጣል ከሺህ። እሺ ይባልና የሚደረገው ነገር በጎን ይደረጋል። እኔም እንደዚያው አደረግሁ። በምሥራቅ በኩል፣ ቤቶቹ መሃል ወደምታልፈው ቀጭን መንገድ፣ አጥሩን ሦስት ሜትር ቆረጥኩና ወደ ውጭ የሚከፈት ባለ ሁለት መዝጊያ በር ሣልኩበት። ለማንም አልተናገርኩም። አለቃዬ ቤቱን እንጂ አጥሩን ማየት አይወድም ነበርና ሳያስተውል ፈረመበት። ፕላኑ ታትሞ ወደ ጄኔቭ ተላከ።

ከዚያ በኋላ ያለው ወር እንዴት እንዳለፈ እኔ ነኝ የማውቀው። ቢሮ ውስጥ ስልክ በጮኸ ቁጥር «አገኙት» እላለሁ። አለቃዬ ስሜን ሲጠራ ከወንበሬ ብድግ እላለሁ፤ እሱ የሚፈልገው ግን ማስመሪያ ነው። ያን ሰሞን ውሌ የሚታደስበት ጊዜም ደርሷል። እሑድ እሑድ ወንድሜ ጋ እደውላለሁ። አንድ እሑድ ምን እንደምሠራ ጠየቀኝና ኳስ ሜዳ እየሣልኩ ነው አልኩት። «ኳስ ሜዳ?» አለ። አዎ አልኩት። «ጥሩ ነው» አለና ስለ እናታችን ደም ግፊት ማውራት ጀመረ።

ጄኔቭ ስብሰባ ተጠራ። ከታውንሺፑ የሴቶች ልጆቹን ቡድን የሚያሠለጥኑ ሴትዮ ይመጣሉ፣ ፕላኑ በእሳቸው ፊት ይታያል፣ ከዚያ ይጸድቃል ተባለ። አለቃዬ ሆቴል ያዘ፤ እኔ ጄኔቭ ዳር ካሩዥ የሚኖሩ አንዲት እናት ዘንድ አደርኩ። በቤተ ክርስቲያን ነው የምንተዋወቀው። በደርግ ጊዜ የወጡ፣ ሆስፒታል ውስጥ ሠርተው ጡረታ የገቡ፣ አንደበታቸው የማይያዝ ሴት ናቸው። ራት እየበላን ሳለ ጉዳዩን ዘርግፌ ነገርኳቸው።

«እና ምን ይሉኛል ብለሽ ነው?» አሉኝ።

«ያባርሩኛላ፣ እትዬ። አለቃዬን አሳስቼ አስፈርሜዋለሁ። ውሌ ካልታደሰ ደግሞ ቤዋም ቀረች ማለት ነው።»

«እባብ ያየ በልጥ በረየ ሆንሽ እኮ! ይኼ ጀርመን ሰውዬሽ ክፉ ነው?»

«ስዊስ ነው። ክፉም አይደለም።»

«ታዲያ ስሚኝ። እዚህ አገር ሰው በጥፋቱ አይባረርም፣ በመደበቁ ነው። ጠዋት ትራሙ ላይ እንደተገናኛችሁ፣ ሳትጠየቂ ንገሪው። ስትጠየቂ ብቻ ከተናገርሽ ያው ሌባ ነሽ።»

«እሺ» አልኳቸው። ምን እላለሁ ሌላ?

ጠዋት ከአለቃዬ ጋር ትራሙ ላይ ተገናኘን። ጥሩ እንቅልፍ ተኝቶ፣ ተላጭቶ፣ እንደ ልጅ ደስ ብሎታል። ስለ በረንዳው ጥላ ያወራል። አሁን እነግረዋለሁ፣ ቀጣዩ ፌርማታ ላይ እነግረዋለሁ፣ ስንወርድ እነግረዋለሁ ስል የስብሰባው ክፍል ደረስን።

ከጠረጴዛው ወዲያ የድርጅቱ ሰውዬ ተቀምጠዋል፤ ያንን የአጥር ደብዳቤ የጻፉት እሳቸው ናቸው። አጠገባቸው ሴትዮዋ አሉ። ስድሳ ዓመት ሳይሞላቸው አይቀርም፤ ወፍራም፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ የሰው መሆኑ የሚያስታውቅ ትልቅ ካፖርት ለብሰው ከላያቸው አላወልቅ ያሉ። ንግግሩ በእንግሊዝኛ ነው። አለቃዬ ቤቱን አሳየ፣ በረንዳውን አሳየ፣ ሰውየው በመስማማት ራሳቸውን ነቀነቁ። ሴትዮዋ ግን መነጽራቸውን አድርገው ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን ፕላን በጣታቸው ይከተሉ ነበር። ጣታቸው በአጥሩ ዙሪያ ይሄዳል። እኔ ያንን ጣት እንጂ ሌላ አላይም። በምዕራብ በኩል ያለው በር ላይ ቆመ። ሰሜኑን ዞረ። ምሥራቅ ላይ ደርሶ ቆመ።

«ይህን በር ማን ነው የሣለው?» አሉ።

እኛ አገር «ይህን ማን አደረገ?» ተብሎ ሲጠየቅ ለምስጋና ሆኖ አያውቅም። ትምህርት ቤት እንዲህ ከተባለ አለንጋ አለ፤ ቀበሌ እንዲህ ከተባለ የከፋ አለ። ሰውየው አለቃዬን አዩ። አለቃዬ ጎንበስ ብሎ ፕላኑን አየ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ገርሞት ነው። አሁን ሳስበው፣ የሚጠብቀው መልስ ብቻ ነበር። ያን ጊዜ ግን ምላሴ ከእኔ ቀድሞ ተናገረ።

«ይቅርታ፣ የእኔ ስህተት ነው። ከድሮው ፕላን የቀረ መስመር ነው፣ ሳላጠፋው ቀርቼ ነው።»

ውሸት ነው። የድሮው ፕላን አጥር እንኳ አልነበረውም። ግን ማን ያስታውሳል? ሰውየው ፈገግ ብለው «እንግዲያው ይስተካከል» አሉና ማስታወሻቸው ላይ ጻፉ። አለቃዬ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ሴትዮዋ መነጽራቸውን አውልቀው ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ከተቱት። እኔ እፎይ አልኩ። እፎይ ማለቴ እስካሁን ያሳፍረኛል።

ስብሰባው አልቆ አለቃዬና ሰውየው ሲሰነባበቱ ኮሪደሩ ላይ ብቻዬን ቆሜ ነበር። ሴትዮዋ መጡና አጠገቤ ቆሙ።

«ልጄ፣ እኔ ልቆጣ አልነበረም የጠየቅሁት» አሉኝ። «አሁን ለምንለማመድበት ግቢ ሁለት ዓመት ሙሉ ሁለተኛ በር አድርጉልኝ ብዬ እየለመንኩ ነው የኖርኩት። ልጆቼ ሴቶች ናቸው። ማታ ማታ በዋናው በር ሰካራም ይገባል፣ ቢላዋ የያዘ ይገባል። ጠባቂው የመጀመሪያው ሯጭ ነው። ታዲያ ልጆቼ በየት ይሩጡ? ይህን በር ሳይ፣ ከክፍሉ ውስጥ አንድ ሰው ገብቶታል ብዬ ነው። ማን እንደሆነ ባውቅ ከጎኑ ሆኜ እከራከር ነበር። ብቻዬን ስናገር አይሰሙኝም።»

«ስህተት ነው» አልኩ፣ እንደገና። ዓይናቸውን ማየት አቃተኝ።

«አዎ፣ ብለሻል» አሉ። እጄን ያዝ አድርገው ለቀቁትና ካፖርቱን እየሰበሰቡ ወደ ሊፍቱ ሄዱ። በማግስቱ አገራቸው ይገባሉ።

ከጄኔቭ ዙሪክ በባቡር ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። አለቃዬ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነባል። የምናገረውን በጀርመንኛ አዘጋጅቻለሁ፤ በሩ ስህተት አይደለም፣ ሆን ብዬ ነው፣ ወንድሜ እንዲህ ሆኖ ነው። ሎዛን ላይ ውሃ ጠጣሁ። በርን ከተማ ላይ አፌን ስከፍት እሱ ቀደመኝና «ታውቂያለሽ፣ ዛሬ አኮራሽኝ» አለኝ። «ሰው ስህተቱን በአደባባይ አያምንም። አንቺ ግን አመንሽ። ለውልሽም ለመኖሪያ ፈቃድሽም የምጽፈው ደብዳቤ ላይ ይህን እጨምርበታለሁ።» ከዚያ በኋላ የትኛው አንደበት ይከፈታል? ኦልተንም አለፈ፣ ዙሪክም ደረስን፤ «መልካም ቅዳሜና እሑድ» ተባብለን ተለያየን።

ሰኞ ጠዋት ቢሮ ቀድሜ ገባሁ። የፈለግሁት ማንም ሳያየኝ እንዲሆን ነው። በሩን መረጥኩት፣ አጠፋሁት፣ አጥሩን ገጠምኩት። ካልሲያቸው የማይመሳሰል ልጆች ከኮምፒውተሬ ጎን ሆነው ያዩኛል። ፎቶውን አንስቼ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ሲፈሩ የኖሩት ነገር አንዳንዴ የሚደርሰው በገዛ እጅ ነው።

ውሌ ታደሰ። ዓመታቱ ሲሞሉ ቤዋንም አገኘሁ፤ የአለቃዬ ደብዳቤ ከማመልከቻዬ ጋር ተያይዞ ነበር። «ታማኝ» የሚል ቃል አለበት። ቅጂውን ከሌሎች ወረቀቶቼ ጋር አስቀምጬዋለሁ፣ አውጥቼ ግን አላነበውም። ማዕከሉም ተሠርቶ ተመረቀ። ፎቶዎቹ ሲመጡ ቢሮው በሙሉ ተሰብስቦ አጨበጨበ፤ ሣሩ አረንጓዴ ነው፣ በረንዳው ሞልቷል፣ አጥሩ ዙሪያውን ድፍን ነው። ሴትዮዋን በዓይኔ ፈለግኋቸው፣ አላገኘኋቸውም። ከዚያ ወዲህ እዚያ ቦታ ምን እንደደረሰ አላውቅም። ምናልባት ምንም አልደረሰም። ስለዚያ አገር ክፉ ወሬ በሬዲዮ በተነሳ ቁጥር ግን የሰፈሩ ስም እስኪጠራ ትንፋሼን ይዤ እጠብቃለሁ።

ፈቃዴ የመጣ ሳምንት ለወንድሜ ደውዬ ነገርኩት። ቤት ያሉት ሁሉ እልል ብለው ነው የተቀበሉኝ፤ እናቴ ስልኩን ነጥቃ መረቀችኝ። ከዚያ ወንድሜ መልሶ ተቀበላትና ድምፁን ቀነስ አደረገ፤ ከሰው ፈንጠር ያለ ይመስለኛል።

«ያ ኳስ ሜዳ፣ የሣልሽው፣ ተሠራ?» አለኝ።

«ተሠራ።»

«አጥር አለው?»

«አለው።»

ድምፁን ይበልጥ ዝቅ አደረገ።

«ስንት በር አደረግሽለት?»

«ሁለት» አልኩት።

«ጎበዝ!» አለኝ። «ሁለተኛው በየት በኩል ነው?»

«በምሥራቅ፣ ወደ ቤቶቹ። ሦስት ሜትር ነው።»

«ቁልፉስ? ቁልፉ ማን ዘንድ ነው?»

«ቁልፍ የለውም» አልኩት። «ሲገፉት ይከፈታል።»